መርዶ ይዤ ወደ ልደታ

ከአዲስ አበባ ከተመለስኩ ወዲህ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ያገኘኝ ሰው ሁሉ "ሸገር እንዴት ናት?" እያለ ያቆመኛል። ስለ ፎቁ፣ ስለ መብራቱ፣ ስለ መርካቶ ግርግር እንድነግረው ይጠብቃል። እኔ ግን ከተማዋን በቅጡ አላየኋትም። ያየሁት አንድ ግቢ፣ አንድ መስኮትና አንዲት ሴት ነው። እሱንም መንገድ ላይ ቆሜ ስጀምረው አፌ ይተሳሰራል። ስለዚህ ልደታን አይታችሁ ለማታውቁ ሁሉ፣ ከተነሳሁበት ቀን ጀምሬ የሆነውን ልጻፍላችሁ።

የሄድኩት ለሽርሽር አይደለም። ክረምቱ ሲወጣ እናታችን አረፈች። ከመሞቷ በፊት እጄን ይዛ የተናገረችው አንድ ነገር ነው። "ብርቄ ታልቅስልኝ። በሰው አፍ እንዳትሰማ፤ አንተው ሄደህ ንገራት" አለችኝ። እሺ አልኳት። ብርቅነሽ ታላቅ እህቴ ናት፤ ባል አግብታ ልደታ ከገባች ብዙ ዘመን ሆኗታል። አዲስ አበባ በየምሽቱ ተኩስ በሚሰማበት በዚያ ክፉ ክረምት የከሰል ጭስ መትቷት ከሞት እንደተረፈች ሰምተን ነበር። ባሏ ጋሽ ዘለቀ "አሁን ደህና ናት፤ ትንሽ ትረሳለች እንጂ" ብሎ በሰው ልኮብናል። ትንሽ መርሳትማ እኔም እረሳለሁ፤ መነጽሬን ግንባሬ ላይ አድርጌ ቤቱን የማተራምስ ሰው ነኝ። ስለዚህ ነገሩን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም።

ማክሰኞ

ለጉዞ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል፤ እሱን ከቀበሌ ለማውጣት የፈጀብኝ ጊዜ ከመንገዱ ይብሳል። በመጨረሻ ወረቀቱን ይዤ ጎህ ሳይቀድ አውቶቡስ ውስጥ ገባሁ። ጭኔ ላይ በቆርቆሮ የታሸገ ቅቤ ይዣለሁ። እናቴ በክረምቱ ራሷ አንጥራ፣ "የብርቄ ነው" ብላ ማንንም ሳታስነካ ያኖረችው ነው። ከእጇ የወጣ የመጨረሻ ነገር ስለሆነ እንደ ሕፃን አቅፌው ነበር።

ደጀን ስንደርስ ኬላ ላይ ሁላችንንም አስወረዱን። አንድ ሚሊሺያ ቆርቆሮዬን ጠረጠረው። "ምንድነው?" አለኝ። "ቅቤ ነው" አልኩት። "ቅቤ ውስጥ ስንት ነገር ተደብቆ አይተናል" አለና የያዘውን ቀጭን ዱላ እስከ ታች ሰድዶ አማሰለው።  የሟች እጅ ነው እኮ ልለው አስቤ ጠመንጃውን ሳይ ዋጥኩት። ፈትሾ ሲጨርስ ዱላው ላይ የቀረው እንዳይባክን በፀጉሩ ጠረገው። ኮረሪማ የገባበት የወጥ ቅቤ ለፀጉር እንደማይሆን እንኳ አልነገርኩትም፤ ቀኑን ሙሉ ወጥ ወጥ ይሽተት ብዬ ተበቀልኩት።

ከዚያ ዓባይ በረሃ ወረድን። የእኛን ብርድ ለብሶ የመጣ ሰው እዚያ ሲገባ ኮቱን ቀርቶ ቆዳውንም ማውለቅ ያምረዋል። ቁልቁለቱ ላይ ማንም አያወራም። ከአንዱ መታጠፊያ ስር የተገለበጠ የጭነት መኪና ጎማዎቹን ወደ ሰማይ አንስቶ ተኝቷል፤ አሮጌ ነው፣ ሣር በቅሎበታል። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ባለፉ ቁጥር እንደሚያዩት ነገሩኝና ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ድልድዩን ተሻግረን ዳገቱን ልንጨርስ ስንል የኛም ጎማ ፈነዳ። ትርፍ ተብሎ የተጫነው ጎማ ደግሞ ቀድሞ የፈነዳ ሆኖ ተገኘ። ሹፌሩ እየሳቀ ነገረን፣ እኛ አልሳቅንም፣ እየገፋን እየተሳደብን ጎሃ ጽዮን አደርን።

ያደርኩበት አልጋ ቤት ቁንጫ ለጉድ ነው። ባለቤቷ ግን መልካም ሴት ነበረች። ሽሮ አቅርባልኝ ስበላ ስታየኝ ቆይታ፣ ያሳደግኩትን የሐዘን ጺምና ክንዴ ላይ ያሰርኩትን ጥቁር ጨርቅ እያየች "ማን ሞቶብህ ነው?" አለችኝ። መርዶ ይዤ ወደ እህቴ እንደምሄድ ነገርኳት።

"ታዲያ በዚህ ፊት ነው የምትገባባት?" አለችኝ። "በር ላይ ስታይህ ክው ብላ ትቅር? መርዶ እኮ በሽማግሌ፣ በወግ ነው የሚነገረው።"

አስተማሪ ነኝ ባዩ እኔ ይህን አላሰብኩትም ነበር። የሟች ባሏን ምላጭ አመጣችልኝ፤ ውኃ አሙቃ መስታወት ያዘችልኝ። ምላጩ ዶልዱሞ አገጬን ቦጨቀኝ። ደሙን በቡና ዱቄት አቆመችልኝና ጥቁሩን ጨርቅ ከክንዴ ፈትታ በካልሲዬ ውስጥ ሸሸገችው።

ረቡዕ

ሰዓቱ ሲገፋ ጎማው ተሠርቶ ተነሳን፤ ከቀትር በኋላ በእንጦጦ በኩል አዲስ አበባ ገባን። አውቶቡስ ተራ ስወርድ የመታኝ ጫጫታው ሳይሆን የሰዉ ዓይን ነው። እኛ አገር መንገደኛ ሲያልፍ ሰላም ይባላል። እዚህ አንዱን "እንደምን ዋልክ" ብለው ደንግጦ ወደ ኋላው ተገላመጠ። ቀጥሎ ያገኘሁትን ደግሞ ልደታ በየት ነው ብለው "እኔ ምንም አላውቅም" ብሎኝ አለፈ። መንገድ ሳይሆን የሰው ስም የጠየቅኩት መሰለው። ውይይት በሚሏት ታክሲ ተሳፈርኩ፤ ተሳፋሪው ፊት ለፊት ተፋጦ ስለሚቀመጥ ነው ስሙ የወጣላት፤ ግን ተክለ ሃይማኖት እስክንደርስ አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም።

ከዚያ በእግሬ በአብነት በኩል ወረድኩ። ቆርቆሮ የሚቀጠቅጡ፣ ጫማ የሚሰፉ፣ አልጋ የሚበይዱ ሰዎች ጎን ለጎን ተሰልፈው ይሠራሉ። ቤቶቹ በአንድ ግድግዳ ተደጋግፈው የቆሙ ናቸው፤ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው ይማርህ የሚል ይመስላል። እኛ ማርቆስ ጎረቤት ለመጥራት አጥር ላይ ወጥተን እንጮሃለን፤ እዚህ ግድግዳውን ማንኳኳት ይበቃል። የብርቄ ግቢ ከልደታ ማርያም ዝቅ ብሎ ነው። በውኃው ቧንቧ ዙሪያ አራት አምስት በር ይታያል፤ አንዱ የእሷ ነው።

በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"ውይ! ታዴ! ሳትልክብኝ!"

አቅፋ ሳመችኝ። አልከሳችም፣ አላረጀችም፤ ጥርሷ ያው፣ ሳቋ ያው ነው። አገጬን በአውራ ጣቷ ነካ አድርጋ "አገጭህን ምን ቆረጠህ?" አለችኝ። ምላጭ ነው አልኳት። "እናቴስ?" አለች ወዲያው።

"ደህና ናት፤ ሰላም ብላሻለች" አልኩ። ከጎሃ ጽዮን ጀምሮ የተለማመድኩት ውሸት ነው። ለመምህራን ስልጠና መጣሁ አልኳት። ቅቤውን ከፍታ አሸተተችና ዓይኗን ጨፈነች። "ይኸ የእናቴ እጅ ነው" አለች። እዚያው እንጀራ ላይ ቀብታ አጎረሰችኝ። ይህች ሴት ምኗ ነው የታመመው አልኩ በሆዴ። ስለ ልጅነታችን እያነሳች አሳቀችኝ፤ እኔ የረሳሁትን የበሬያችንን ስም ሳይቀር ታስታውሳለች።

ጥቂት ቆይታ ማሰሮ ይዛ ውኃ ልትቀዳ ወጣች። ተመልሳ ስትገባ በሩ ላይ ቆመች። ማሰሮውን አስቀመጠች፣ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"ውይ! ታዴ! ሳትልክብኝ!"

እየቀለደች መስሎኝ ሳቅኩ። ልጅ ሆነን እንዲህ መቀለድ ትወድ ነበር። አቅፋ ሳመችኝ፤ ልክ እንደቅድሙ መጀመሪያ ግራ ጉንጬን። አገጬን በአውራ ጣቷ ነካችኝ። "አገጭህን ምን ቆረጠህ?" ድምጿ ውስጥ ቀልድ የለም። ጋሽ ዘለቀ ከጥጉ ተቀምጦ ያየኝ ነበር፤ ራሱን ነቀነቀ።  "እናቴስ?" አለችኝ እህቴ፣ አዲስ ሰው እንደሚጠይቅ፣ በናፍቆት።

ሲመሽ ብርዱ መጣ፤ እሷ ግን መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተችው። "ምነው እትዬ፣ ብርድ ነው እኮ" አልኳት። "እንጃ፣ ሲዘጋ ጭንቅ ይለኛል" አለችኝ። ስትተኛ ጋሽ ዘለቀ በሹክሹክታ ነገሩን አጫወተኝ። በዚያ ክረምት ውጭ ተኩስ ነበር፤ እሱ የቀበሌ ጥበቃ ተረኛ ሆኖ ወጥቷል። እሷ ዝናቡንም ጥይቱንም ፈርታ የመስኮቱን ክፍተት በጨርቅ ወትፋ፣ ከሰል አንድዳ ተኛች። ጠዋት ጎረቤቷ ወይዘሮ ዘይነባ ብትጠራት ብትጠራት መልስ ስታጣ በሩን ሰብራ ገባች። እግሯ ስር የነበረችው ድመት ሞታለች፤ ብርቄ ትተነፍስ ነበር። "ከዚያ ክረምት በፊት ያለውን ሁሉ ታውቃለች" አለኝ ጋሽ ዘለቀ። "ከዚያ ወዲህ ያለው ግን አንዱም አይያዝላትም። ስለዚያች ሌሊትም አታውቅም። ግን ከሰል ካየች ከቤት ትወጣለች፤ ለምን ብትላት አትነግርህም።"

የመጣሁበትን ጉዳይ ነገርኩት። አቀርቅሮ አለቀሰ፤ እናቴን ይወዳት ነበር።

ሐሙስ

ማለዳ ዓይኔን ስገልጥ እህቴ ከራስጌዬ ቆማለች። "ውይ! ታዴ! ሳትልክብኝ!" ስለ እናቴ ስትጠይቀኝ ያንኑ ውሸት ደግሜ ነገርኳት፤ ያን ቀን ስንት ጊዜ እንደደገምኩት አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ብርቄ እንዳትሰማን ግቢው ጥግ ከእድሩ ዳኛ ጋር ለመምከር ተቀመጥን። ወይዘሮ ዘይነባም መጣች፤ ወሎዬ ናት፣ ረጅም፣ ቀስ ብላ የምትናገር። ጋሽ ዘለቀ ሥራ ሲውል ብርቄን የምትጠብቃት እሷ ናት። ነገሩን ስትሰማ ፊቷ ጠቆረ።

"ልትነግሯት ነው? ሲገባት ታለቅሳለች፣ ከዚያ ይጠፋታል። ምን ልትጠቀሙ?"

"የእናቴ ቃል ነው እትዬ ዘይነባ" አልኳት። "ታልቅስልኝ ነው ያለችው። ሳላስለቅሳት ተመልሼ መቃብሯ ላይ ምን ብዬ እቆማለሁ?"

 ወደ ብርቄ በር እያየች፣ "የኔን ልጅ ኑሪን በዚያው ክረምት ነው የወሰዱት" አለችኝ። "ሬሳውንም አልሰጡኝ። ብርቄ ይህን አታውቅም። ሁልጊዜ ስገባ 'ኑሪ ከትምህርት ቤት ገባ?' ትለኛለች። 'ገባ' እላታለሁ። በዚህ ከተማ ልጄ ገና ከትምህርት ቤት የሚገባበት ቤት ይኸ ብቻ ነው። እሷ ቤት መርዶ ሲገባ ያስፈራኛል።"

 ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ ሴትዮዋ የሟች ልጅ እንደሆነችና ወጉ ሊቀርባት እንደማይገባ ተናገሩ። እኔም ከእሳቸው ጋር ሆንኩ። ዘይነባ አልተቀየመችም፤ እንዲያውም ወደ ቤቷ ሄዳ ለንፍሮው ስንዴ ትለቅም ጀመር።

ዓርብ

እኛ አገር መርዶ ነጋሪ ጎህ ሳይቀድ ነው የሚመጣው። ልደታ ግን ሰዓት እላፊ አለ፤ ለቀስተኛው በየቤቱ በር ላይ ተሰልፎ ሰዓቱ እስኪነሳ ጠበቀ። እንደወጡም አንድ የቀበሌ ጠባቂ ጠመንጃውን ደግኖ አስቆማቸው። "ምን ስብሰባ ነው ይኼ?" ዳኛው መርዶ እንደሆነ ነገሩት። "ለማን?" "ለብርቅነሽ፣ ለዘለቀ ሚስት።" ጠባቂው ቆቡን አወለቀ፣ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ ከኋላ ተከተላቸው። እንደ አገራችን ሰው ሆነብኝ፤ ደስ አለኝ።

ብርቄ በሩን ከፍታ ግቢ የሞላውን ሰው ስታይ ፊቷ ላይ የነበረው ደም ሁሉ ሸሸ። ይህን ለማወቅ የከሰል ጭስ አልከለከላትም፤ እንዲህ ያለ ሰው በዚህ ሰዓት ለምን እንደሚመጣ ከልጅነቷ ታውቀዋለች። ዳኛው ነገሯት። እህቴ በቀኝ ጎኗ ወደቀች። "ጠብቂኝ ብዬሽ ነበር እኮ! እማዬ፣ ጠብቂኝ ብዬሽ ነበር እኮ!" እያለች ደረቷን መታች፣ ፊቷን ልትቧጥጥ ስትል እጇን ያዝናት። እኔም የታመቀው ሁሉ ወጣልኝ። እየተንሰቀሰቅኩ፣ ይኸው እናቴ፣ ይኸው አለቀሰችልሽ እል ነበር በልቤ። ደክሟት ዘይነባ እቅፍ ውስጥ እንቅልፍ ወሰዳት።

ድንኳኑ ተተከለ፣ አግዳሚው ተደረደረ፣ ንፍሮው ዞረ። እህቴ ፀሐይ ሞቅ ሲል ነቃች። ነጠላዋን አስተካክላ ብቅ አለች። ድንኳኑን አየች፤ እኔን አየችኝ። እጇ ወደ አፏ ሄደ።

"ውይ! ታዴ! ሳትልክብኝ!" ወዲያው ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ማን ሞቶ ነው?"

 አንዲት ሴት እጇ ውስጥ የነበረው ንፍሮ ሲበተን ሰማሁት። ዳኛው ግራ ገብቷቸው፣ ወጉ እንዳይጎድል ብለው፣ ቀስ አድርገው ዳግም ነገሯት። በቀኝ ጎኗ ወደቀች። "ጠብቂኝ ብዬሽ ነበር እኮ!" ቃሉ ያው፣ ድምጿ የሚሰበርበት ቦታ ያው፣ እጇ የሚነሳበት አኳኋን ያው ነው። ጠዋት አብረዋት ያለቀሱት ሴቶች አሁን አላለቀሱም። ወደ ኋላ አፈገፈጉ፤ አንዷ ስታማትብ አየሁ። የኔም እንባ ደረቀ። ጠዋት ለእናቴ የሰጠሁት ልቅሶ ከእጇ ተነጥቆ የተመለሰብኝ መሰለኝ፤ የሚይዘው ሰው የሌለው ልቅሶ።

ሦስተኛ ጊዜ ነቅታ ስትወጣ ዘይነባ በመካከል ቆመች። "በአላህ፣ ይበቃል!" አለች። "የጎረቤት ሰው ነው የሞተው ብርቄ፣ ነይ ተቀመጪ።" እህቴ የሰው ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው ከንፈሯን መጠጠች፤ ንፍሮ አፍሳ ለለቀስተኛው አዞረች። ዞራ ዞራ እኔ ጋ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። ዓይኗ አብጦ ሊከደን ደርሷል፤ እሷ ግን የኔን እንባ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችልኝ።

"አይዞህ ታዴ። ማንህ ናት?"

"የማውቃት ሴት ናት።"

"ልጅ ነበራት?"

"ነበራት።"

"ሴት ልጅ?"

"አዎ።"

"አለቀሰችላት?"

ዘይነባ ታየኛለች፤ ጋሽ ዘለቀ መሬት መሬት ያያል። "አለቀሰችላት" አልኩ።

"እንግዲህ ምን ትሻለች። ነፍሷን ይማር" አለችና እጄን ይዛ ተቀመጠች። መዳፏ እንደ እሳት ይፋጅ ነበር።

ቅዳሜ

ፊቷ አብጦ ስላደረ ጋሽ ዘለቀ ፈርቶ ወደሚያክማት ሐኪም ወሰድናት። በመንገድ ላይ አንድ ነገር አየሁ፤ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ቀድማን ትሄዳለች፣ የድሮ መንገዷ ነው። ከዚያ ወዲያ ቀበሌው ያሠራው አዲስ አጥር ጋ ስትደርስ ግን ቀጥ ብላ ቆመች። አጥሩን በእጇ ዳሰሰችና "እዚህ ምንም አልነበረም" አለች። ስንመለስም እዚያው ቆማ ያንኑ አለች።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ዓይኗ ሥር በእንቅልፍ እጦት ጠቁሯል። ብርቄን "ዛሬ እንዴት ነሽ?" አለቻት። "ደህና ነኝ። ብቻ ዓይኔ አብጧል፤ ሳላለቅስ አልቀርም። ሰው የሞተብኝ ይመስለኛል፤ ግን ማንም አልሞተብኝም" አለች እህቴ። ሐኪሟ አየችኝ። ብርቄ ከጋሽ ዘለቀ ጋር ወደ ውጭ ስትወጣ ሁሉንም ነገርኳት።

"የከሰሉ ጭስ ደም ውስጥ ገብቶ የአየሩን ቦታ ይይዛል" አለችኝ። "አንጎሏ ሁሉ እኩል ነው የታፈነው። ግን እኩል አልተጎዳም። ከሁለቱ ጆሮዎች ወደ ውስጥ ጠለቅ ብሎ፣ የዕለቱን ነገር ተቀብለው የሚያስቀምጡ ሕዋሳት አሉ። እነሱ አለቁ። ከአጠገባቸው ያሉት ተርፈዋል።"

"ለምን እነሱ?" አልኳት። ድምፄ ከፍ ሳይል አልቀረም። "አንድ ቤት፣ አንድ ጭስ!"

"አየር ሲያጥር ሌሎቹ ሕዋሳት ጋብ ይላሉ። እነዚህ ግን መልእክት መቀበላቸውን አያቆሙም፤ ያለቻቸውን ጉልበት በዚያው ጨርሰው ይሞታሉ የሚሉ አሉ። ሌሎች ደግሞ የደም ሥሩ አቀማመጥ ነው ይላሉ። ልዋሽዎ አልፈልግም፤ በቅጡ የሚያውቅ የለም።"

የአገሬ ውርጭ ትዝ አለኝ። ጮቄ ተራራ ሥር በአንድ ሌሊት ውርጭ ባቄላው ጠቁሮ ያድራል፤ ድንበሩን ተጋርቶ የቆመው ገብስ ምንም አይሆንም። ገበሬው ጠዋት ወጥቶ ሁለቱን ማሳ እያየ ይቆማል። እኔም ሐኪሟ ፊት እንዲያ ነበር የቆምኩት።

"ታዲያ ልቅሶዋ የት ገባ?" አልኳት። "ሁለቴ ልንገድላት ምንም አልቀረንም፤ ለከንቱ ነው?"

ትንሽ አሰበች። "የሆነውን የሚይዙት ናቸው የሞቱት። ፍርሃትን፣ ሐዘንን፣ እጅ የለመደውን ሥራ የሚይዙት ሌሎች ናቸው፤ እነሱ አሉ። መስኮት የምትከፍተው ለምን ይመስልዎታል? ሌሊቷን አታውቃትም፤ ፍርሃቷን ግን ታውቀዋለች። ሐዘኑም የሆነ ቦታ ተቀምጦ ይሆናል። ስሙን ግን አትነግርዎትም።" ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ያንን ክረምት እንደ እህቴ መርሳት የሚመኝ ብዙ ሰው እዚህ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ነገረችኝ። በሩ ሲንኳኳ ወሬዋን አቆመች።

እሑድ

አውቶቡሱ ሳያመልጠኝ ብዬ በማለዳ ተነሳሁ። ዘይነባ ለመንገዴ ዳቦ ጋግራ፣ ትኩሱን በጨርቅ ጠቅልላ አመጣችልኝ፤ ስሰናበታት ጉልበቷን ልስም ጎንበስ ስል አነሳችኝ። እህቴ ቀድማን ነቅታ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ጀርባዋ ወደ እኛ ነው። ዞር ስትል ዘይነባ ክንዴን ጨበጠችኝ።

ብርቄ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች። ጥለቱን ወደ ላይ አውጥታ፣ አንገቷ ላይ ጠቅልላ፣ ልክ ሐዘንተኛ እንደምታደርገው። ጋሽ ዘለቀን አየሁት፤ እኔ አይደለሁም በሚል እጁን ዘረጋ። ዘይነባም ራሷን ነቀነቀች። ማንም አልነገራትም፤ ማንም አላለበሳትም።

"ውይ! ታዴ! ሳትልክብኝ!" አለችኝ። እጇ ወደ አፏ ሄደ። ግራ ጉንጬን ሳመችኝ። አገጬ ላይ ቅርፊት ሊያወጣ የደረሰውን ቁስል በአውራ ጣቷ ነካችው። "አገጭህን ምን ቆረጠህ?"

"ምላጭ ነው እትዬ።"

ቀጥሎ የሚመጣውን አውቀዋለሁ። ውሸቴን ጥርሴ ሥር ይዤ ጠበቅኩ። አየችኝ። አፏ ሊከፈት ብሎ ተመልሶ ተዘጋ። የቤተ ክርስቲያኑ ቅዳሴ በድምፅ ማጉያው ይሰማል፤ ቧንቧው ጋ ባልዲ ይንኳኳል። እህቴ ስለ እናቷ አልጠየቀችኝም።

"ነጠላሽን ምነው እንዲህ አደረግሽው?" አልኳት በመጨረሻ።

ወደ ራሷ ጎንበስ ብላ አየችው፤ እሷም ገና ማየቷ ነው። ጥለቱን በጣቷ ዳሰሰችው። "እንጃ። እጄ ነው እንዲህ ያደረገው" አለች። "ላስተካክለው እልና ደስ አይለኝም።"

እስከ አብነት ድረስ ጋሽ ዘለቀ ሸኘኝ። ዓባይን ስንሻገር፣ ያን የተገለበጠ መኪና ስናልፍ፣ ፊቴን አልሸፈንኩም። ከካልሲዬ ጥቁሩን ጨርቅ አውጥቼ ክንዴ ላይ አሰርኩት። ጎሃ ጽዮን አውቶቡሱ ሳይቆም በማለፉ ባለ አልጋ ቤቷን አለማመስገኔ እስካሁን ያንገበግበኛል፤ ይህን የሚያነብ መንገደኛ ካለ ሰላም ይበልልኝ።

የእናቴ አርባ ሲደርስ ጋሽ ዘለቀ ብርቄን ለዘይነባ አደራ ብሎ ብቻውን ማርቆስ መጣ። ጥግ ይዤ ጠየቅኩት። በየማለዳው ነጠላዋን ያስተካክልላታል፤ ዞር ሲል መልሳ ታዘቀዝቀዋለች። ኑሪ ገባ ወይ ብላ ዛሬም ትጠይቃለች፣ ዘይነባም ገባ ትላታለች። ስለ እናቷ ግን ከዚያ እሑድ ወዲህ አንድም ቀን ጠይቃ አታውቅም።

ድግሱ ሲያበቃ የእናቴ የማኅበር ጓደኛ፣ ዓይናቸው የደከመ ባልቴት፣ እጄን ፈልገው ያዙኝ።

"ልጄ፣ ሟች አደራ ብላህ ነበር። ብርቄ አለቀሰችላት?"

ጋሽ ዘለቀን አየሁት። አቀርቅሯል።

"እያለቀሰችላት ነው እማማ" አልኳቸው።

"እስካሁን?"

"እስካሁን።"